ለማረጥ ተብሎ የሚሸጠው የቻይና መድኃኒት፦ ከመዋጣችሁ በፊት እንዴት እንደምትመረምሩት

ባንኮኒ ላይ ካርቶን አስቀምጠው "ለማረጥ ነው ብለው ሸጡልኝ፣ ልዋጠው ወይስ ልተወው?" የሚሉኝ እናቶች በዝተዋል። አንዷ በቴሌግራም አዝዛ ነው፣ አንዷ ጎረቤቷ "ስልጠና አለ" ብላ ወስዳት ነው የገዛችው፣ ሌላዋ ደግሞ አዲስ አበባ ያለች ልጇ ልካላት። እኔ ጎንደር የምሰራ ፋርማሲስት ነኝ፣ የቻይና ባህላዊ ሕክምና አልተማርኩም፣ ግን የተሰራውን ጥናት አገላብጬ አያለሁ እና ሁሌ እየደጋገምኩ የምመልሰውን እዚ አንድ ላይ ላድርገው። ረዘም ይላል፣ ቡናው እስኪፈላ ታነቡታላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

አቋሜን ከአሁኑ ልንገራችሁ። "የቻይና ቅጠል ሁሉ ማጭበርበር ነው" የሚሉትም "ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም" የሚሉትም አይዋጡልኝም። ደምቢያና መተማ በኩል ስንቱን ሰው ከወባ ያተረፈው ኮአርተም ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር መሰረቱ ቺንግሃኦ የሚባል የቻይና ቅጠል ነው፣ ቱ ዩዩ የምትባል ቻይናዊት ሳይንቲስት ከቡድኗ ጋር ከጥንት ጽሁፍ ተነስታ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አውጥታው በ2015 ኖቤል ተሸለመችበት። ግን ልብ በሉ፣ ኮአርተምን መድኃኒት ያደረገው የቻይና መሆኑ ወይም ጥንታዊ መሆኑ አይደለም፣ ተጣርቶ፣ ተለክቶ፣ በሽተኛ ላይ ተፈትኖ ማለፉ ነው። ለማረጥ የሚሸጡትንም በዛው ዓይን ነው ማየት ያለብን።

መጀመሪያ ነገሩ ማረጥ መሆኑን እወቁ

አረጠች የሚባለው የወር አበባ ለ12 ወር በተከታታይ ሲቀር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ባለው እድሜ። ከዛ በፊት ባሉት ዓመታት ግን አበባው ይዘበራረቃል፣ ወላፈን የመሰለ ሙቀት ድንገት ከደረት ተነስቶ ፊት ላይ ይወጣል፣ ሌሊት ላብ ያጠምቃል። ጎንደር ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ በጥር ሌሊት ጋቢውን ወርውራችሁ ትነሱና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ትንቀጠቀጣላችሁ። ብዙ ሰው "ምች መታኝ" ብሎ ዳማከሴ ይጨምቃል።

ችግሩ ሌሊት የሚያልብ ሁሉ ማረጥ አይደለም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል እና ክብደት መቀነስ ካለበት ቲቢ መመርመር አለበት፣ ቆላ ወርዳችሁ ከመጣችሁ ወባ፣ ልብ የሚመታ እጅ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ደግሞ የእንቅርት ሆርሞን። በ46 ዓመት አበባዬ ቀረ ብላ የማረጥ መድኃኒት ስትውጥ እርጉዝ የሆነችም አትጠፋም፣ የሽንት ምርመራው ርካሽ ነው እኮ። እድሜያችሁ ከ45 በታች ሆኖ ከቀረ ደግሞ ካርቶን ሳይሆን ሐኪም ነው መጀመሪያ የምታዩት፣ ምክንያቱም ቶሎ ማረጥ አጥንትና ልብ ላይ የሚያመጣው ነገር ስላለ የራሱ ሕክምና አለው።

"ኩላሊትሽ ደክሟል" ሲሏችሁ አትደንግጡ

ይሄ በጣም የሚያናድደኝ ነው። አንዲት እናት እያለቀሱ መጡ፣ ሻጯ በእጃቸው የሆነ ማሽን አስይዛ "ኩላሊትዎ ደክሟል" ብላቸው ኩላሊቴ ሊቆም ነው ብለው። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ኩላሊት ሲባል ሽንት የሚያጣራው ብቻ አይደለም፣ የእድገት፣ የመውለድ፣ የእርጅና ኃይል የሚቀመጥበት ተደርጎ ነው የሚታሰበው። በጥንቱ ትምህርታቸው የሴት ዕድሜ በሰባት በሰባት ይቆጠራል፣ ሰባት ጊዜ ሰባት 49 ሲሞላ ያ ኃይል ያልቅና አበባው ይቆማል ይላሉ። እና ማረጥን "የኩላሊት ዪን ማነስ" ብለው ይመድቡታል፣ ዪን ማለት የሚያቀዘቅዘው የሚያረጥበው ወገን ነው፣ እሱ ሲያንስ ሙቀቱ ይበዛል ነው ሀሳቡ። የራሱ ፍልስፍና ነው፣ ያክብሩት፣ ግን ከላብራቶሪ የኩላሊት ምርመራ ጋር ምንም አያገናኘውም። እናትየዋ ክሪያቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ተሰራላቸው፣ ንጹህ ነው።

ካርቶኑን ማገላበጥ

አሁን ካርቶኑን ያዙት። የእያንዳንዱ ቅጠል ስም እና መጠን በግራም ወይ በሚሊግራም ተጽፏል? ባች ቁጥር (የተመረተበት ዙር መለያ)፣ የሚያበቃበት ቀን፣ ያመረተው ፋብሪካ አድራሻ አለ? በቻይንኛ ብቻ ከሆነ ስልካችሁ ላይ ያለውን መተርጎሚያ ካሜራ አዙሩበትና ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። "ልዩ ቅመም"፣ "ምስጢራዊ ፎርሙላ" ብቻ የሚል ከሆነ እኔ በግሌ አልነካውም፣ ምክንያቱም በተለያየ አገር እንዲህ ዓይነት "ንጹህ ቅጠል" የተባሉ ምርቶች ሲመረመሩ እንደ ዴክሳሜታዞን (ጠንካራ ስቴሮይድ ነው) ያለ ያልተጻፈ መድኃኒት ተገኝቶባቸው ያውቃል። ዴክሳሜታዞን የገባበት እንክብል ደግሞ ለጊዜው ጥሩ ስሜት ይሰጣል፣ ያ ነው አደገኛው፣ "ኧረ ወዲያው ነው የሰራልኝ" ትላላችሁ።

አሁን ወደ ቅጠሎቹ።

ዶንግ ኳይ፣ አንዳንዱ ላይ ዳንግ ጉዪ ወይም አንጀሊካ ሳይነንሲስ ተብሎ ይጻፋል። "የሴቶች ጂንሰንግ" እያሉ የሚሸጡት ሥር ነው። በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ 71 ያረጡ ሴቶች ላይ ለ24 ሳምንት ተሞከረ፣ ግማሾቹ እውነተኛውን ግማሾቹ ባዶውን እንክብል ሳያውቁ ወሰዱ፣ በሙቀቱ ላይ ልዩነት አልተገኘም። የቻይና ሐኪሞች ተቃወሙ፣ "እኛ ዶንግ ኳይን ለብቻው አንሰጥም፣ ከሌላ ጋር ነው የምንቀምመው" አሉ። ተገቢ ተቃውሞ ነው። ግን እዚ የሚሸጠው ካርቶን ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው፣ ስለዚ ሻጩ በሁለቱም መንገድ መከራከር አይችልም።

ከሌላ ጋር የተቀመመውስ? ዶንግ ኳይን አስትራጋለስ ከሚባል ሌላ ሥር ጋር አንድ ለአምስት የሚቀላቅል ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቅመም አለ፣ ዳንግ ጉዪ ቡ ሹዌ ታንግ ይባላል፣ ሆንግ ኮንግ ውስጥ 100 ሴቶች ላይ ለስድስት ወር ሞክረውት በጥቅሉ ከባዶው እንክብል አልተሻለም፣ ቀለል ያለው ሙቀት ላይ ብቻ ትንሽ ነገር ታየ። አውስትራሊያ ውስጥም በ2001 ብዙ ቅጠል ያለበት ቅመም 55 ሴቶች ላይ ለ12 ሳምንት ተሞክሮ ያው ነው። በ2009 ደግሞ እዛው ብላክ ኮሆሽ ጨምረውበት 93 ሴቶች፣ 16 ሳምንት፣ አሁንም ልዩነት የለም።

የተሻለ ውጤት ያመጣው አር ሺያን ታንግ የሚባለው ነው፣ ስድስት ቅጠላ ቅጠል ያለበት፣ ኤፒሚዲየም፣ ኩርኩሊጎ፣ ሞሪንዳ፣ ዶንግ ኳይ፣ ፌሎደንድረን እና አኔማሬና። ሆንግ ኮንግ ውስጥ 108 ሴቶች ላይ ለ12 ሳምንት ተፈትኖ፣ ውጤቱ በ2013 ወጥቶ፣ የሙቀቱን ብዛትም ክብደትም ከባዶው እንክብል የበለጠ ቀንሷል። ይሄንን መደበቅ አልፈልግም፣ ጥሩ የተሰራ ጥናት ነው። ሲሸጡላችሁ "የሺ ዓመት የንጉሥ ምስጢር" ቢሏችሁ ግን ሳቁ፣ አር ሺያን ታንግ በ1950ዎቹ ሻንጋይ ሆስፒታል ውስጥ ለማረጥ ተብሎ የተቀመመ ነው፣ ከብዙዎቻችሁ እናት አይበልጥም። እና ደግሞ የተፈተነው በተለካ መጠን የተዘጋጀው ነው እንጂ ስሙን የለጠፈ ሁሉ አይደለም።

ይሄን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቦ ያየ ኮክሬን የሚባል ገለልተኛ የጥናት ገምጋሚ ቡድን አለ፣ በ2016 በጠቅላላ 2902 ሴቶች ያሉባቸውን 22 ጥናቶች አገላብጦ የደረሰበት፣ የቻይና ቅጠል ለማረጥ ሙቀት ከባዶ እንክብልም ከሆርሞንም ይሻላል ወይም ያንሳል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም፣ ጉዳቱንም በእርግጠኝነት ለመናገር አይቻልም የሚል ነው። "አይሰራም" አላሉም። አልታወቀም ነው ያሉት፣ ልዩነት አለው። ግን ዋጋው እንደታወቀ አድርጎ ነው የሚጠየቀው።

ጂንሰንግ በ384 ሴቶች ላይ ተፈትኖ ሙቀቱን አልነካም፣ ስሜት ላይ ትንሽ ነገር አሳይቷል፣ እሱን እዚሁ ላቁመው። ብላክ ኮሆሽ ደግሞ የቻይና አይደለም፣ የሰሜን አሜሪካ ተክል ነው፣ ቻይና ዘመዱን ሼንግ ማ ትጠቀማለች፣ እና ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች ስለተመዘገቡ አውስትራሊያ ካርቶኑ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ታስገድዳለች። ሄ ሾው ዉ የሚል ካያችሁ (ፎ ቲ ተብሎም ይሸጣል፣ ለሽበት የሚሉት) ተዉት፣ ጉበት በመጉዳት በደንብ የሚታወቅ ነው።

አንድ የማይነገራችሁ ነገር ልጨምር። ኤጂያኦ የሚባል ለሴቶች "ደም ይሞላል" ተብሎ ቅመም ውስጥ የሚገባ ጄላቲን አለ፣ ከአህያ ቆዳ ተቀቅሎ ነው የሚሰራው። ቢሾፍቱ የነበረው የአህያ ቄራ ትዝ ይላችኋል፣ ሕዝቡ ተቃውሞ በ2017 የተዘጋው፣ ቆዳው የሚፈለገው ለዚሁ ነበር። የአፍሪካ ኅብረትም በ2024 አህያ ለቆዳዋ እንዳትታረድ አግዷል። ክርስቲያንም ሙስሊምም እዚ አገር ይሄን አውቆ የሚውጥ አይመስለኝም፣ የአጋዘን ቀንድና የኤሊ ቅርፊት ያለባቸውም አሉ፣ ስለዚ ፍልሰታም ሆነ ረመዳን ላይ "ቅጠል ብቻ ነው" ሲሏችሁ ዝርዝሩን ጠይቁ።

"ለጎረቤቴ እኮ ሰርቶላታል"

አምናችኋለሁ፣ ተሽሏታል። ግን ይሄን ቁጥር ያዙልኝ፦ የሆርሞን ሕክምና በተፈተነባቸው ጥናቶች ባዶውን እንክብል የወሰዱት ሴቶች ራሳቸው ሙቀታቸው በ57.7 ፐርሰንት ቀንሷል። ባዶ ነው፣ ምንም የለበትም፣ ከግማሽ በላይ ቀነሰ! አንዱ ምክንያት ሙቀቱ በራሱ እየመጣ የሚሄድ ነገር መሆኑ ነው፣ ሰው ደግሞ መድኃኒት የሚገዛው በባሰበት ሰሞን ነው፣ ከባሰበት በኋላ ያለው ሳምንት መቼም ይቀላል። ሌላው ተስፋ ራሱ አካል ላይ የሚያደርገው ነገር ነው። ለዚህ ነው "ከአስር ሴት ስድስቷ ተሽሏታል" የሚል ማስታወቂያ እኔን የማያስደንቀኝ፣ ጠላም ቢሰጧቸው ያንኑ ያህል ይላሉ።

እኛ ቤት ባለው ነገርም ያው ነው። ተልባ ለማረጥ ጥሩ ነው ተብሎ በጾም እንጠጣለን፣ አሜሪካ ውስጥ 188 ሴቶች ላይ ለስድስት ሳምንት ተሞክሮ ተልባ የበሉትም ያልበሉትም እኩል ተሻላቸው። ተልባችሁን ጠጡ፣ ለሆድ ድርቀት የሚመስለው የለም፣ ርካሽም ነው።

ፈጽሞ የማትነኩት እነማን ናችሁ

ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት) የምትወስዱ። ይሄን ደግሜ ደጋግሜ የምለው እኛ ጋ የልብ ቧንቧ በር ችግር ያለባቸው ሴቶች ብዙ ስለሆኑ ነው፣ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ጀምሮ ልብ ላይ የሚወጣው። ዶንግ ኳይ የዋርፋሪንን ኃይል ከልክ በላይ ይጨምራል፣ በ1999 የታተመ አንድ ታሪክ አለ፣ የ46 ዓመት ሴት በዋርፋሪን ተስተካክላ ሳለ ዶንግ ኳይ ጀምራ ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ልኬቷ (አይ ኤን አር የምንለው) ከእጥፍ በላይ ወጣ፣ ቅጠሉን ባቆመች በወሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። እጥፍ ማለት የሚደማው አፍንጫ ብቻ አይደለም፣ ጭንቅላት ውስጥም ሊደማ ይችላል።

የጡት ካንሰር የነበረባችሁ ወይም ታሞክሲፈን ላይ ያላችሁ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ችግር ያለባችሁ፣ በቅርቡ ኦፕራሲዮን የምትሆኑ፣ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አይሆንም። ደም ግፊት ካለባችሁ ጋን ሳኦ ወይም ሊኮሪስ የሚል ፈልጉ፣ ግፊት ይጨምራል ፖታሲየም ያወርዳል፣ የቻይና ቅመም ውስጥ ደግሞ እንደ ጨው ሁሉም ውስጥ ይገባል።

"ቅጠል ምን ያደርጋል" ለሚል ደግሞ የብራሰልስን ልንገረው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ አንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ የቻይና ቅጠል ያለበት እንክብል ሲሰጥ፣ ፋንግ ጂ የሚባለው ቅጠል ስሙ በሚመሳሰል ሌላ ቅጠል ተተክቶ ኖሯል፣ አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለበት። ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፣ ስንቶቹ ዲያሊሲስና ንቅለ ተከላ ውስጥ ገቡ፣ ከዛም የሽንት መስመር ካንሰር መጣ። ማንም መርዝ ልስጥ አላለም፣ የስም መመሳሰል ነው። ቅዳሜ ገበያ ቅመም ገዝታ የምታውቅ ሴት ይሄ እንዴት እንደሚሆን አይጠፋትም።

እና "አበባሽ ይመለሳል" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሽሹ። አንዲት ሴት እንክብሉን ስትጨርስ ደም አየች፣ ሻጯ "ይኸው ወጣት ሆንሽ" ብላ ሌላ ካርቶን ልትሸጥላት። ካረጡ በኋላ፣ ማለትም ከ12 ወር ቆይታ በኋላ የሚታይ ማንኛውም ደም፣ ጠብታም ይሁን፣ ሐኪም ማየት አለበት፣ ምክንያቱም የማህፀን ካንሰር መጀመሪያ የሚታየው እንዲህ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ቶሎ ከተደረሰበት ደግሞ ይታከማል።

ይሄን ሁሉ ሰምታችሁ ልሞክር ካላችሁ

መብታችሁ ነው፣ በዘዴ አድርጉት። ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ሳምንት በደብተር ጻፉ፣ በቀን ስንት ጊዜ ሙቀት መጣ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ነቃችሁ፣ ከባድ ነው ቀላል። ፊደል ባትቆጥሩም በመስመር ማስመር ይበቃል። የምትወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ፋርማሲ አሳዩ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ቢሰራላችሁ ጥሩ ነው፣ ከወር በኋላም ይደገም። አንድ ምርት ብቻ ጀምሩ፣ ሦስት ካርቶን አንድ ላይ ከጀመራችሁ የሰራውም የጎዳውም አይታወቅም። ካርቶኑ ላይ ካለው መጠን አትለፉ።

12 ሳምንት ስጡት፣ ጥናቶቹም ብዙዎቹ በዛ አካባቢ ነው ያቆሙት፣ ከዛ በላይ ስንት ዓመት ቢወሰድ ምን እንደሚሆን አልተፈተነም። ደብተሩን ከመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ጋር አስተያዩት። ግማሽ እንኳን ካልቀነሰ ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ ባዶ እንክብልም ግማሽ ይቀንሳል ብያችኋለሁ። ከቀነሰ ደግሞ ሁለት ሳምንት አቁማችሁ እዩት፣ ካልተመለሰ መጀመሪያውንም ጊዜው አልፎ ሊሆን ይችላል። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ሰውነት ካሳከከ፣ ሆድ በቀኝ ጎን ላይ ከታመመ ወይ ደም ከፈሰሰ ግን 12 ሳምንት የሚባል ነገር የለም፣ በዛው ቀን አቁሙ።

የተፈተነውስ ምን አለ

ሙቀቱ ኑሮ ለሚያውክባት ሴት በጣም የሚሰራው የሆርሞን ሕክምና ነው፣ ከባዶ እንክብል ጋር ሲነጻጸር የሙቀቱን ብዛት በ75 ፐርሰንት ያህል ይቀንሳል። ለሁሉም አይሆንም፣ የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ታሪክ ያላት አትወስድም፣ ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅን (ዋናው የሴት ሆርሞን) ብቻውን አይሰጣትም፣ ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት ነው ጥቅሙ ከጉዳቱ የሚያመዝነው። ሆርሞን ለማይሆንላት ቬንላፋክሲን፣ ጋባፔንቲን የመሳሰሉ በማዘዣ የሚሰጡ አሉ። ከመድኃኒት ውጪ ደግሞ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለው የንግግር ሕክምና ጥሩ ማስረጃ አለው፣ ክብደት መቀነስም ለወፈረች ይረዳል። አኩፓንክቸር (ቀጭን መርፌ እየወጉ የሚሰጡት የቻይና ሕክምና) በ327 አውስትራሊያውያን ሴቶች ላይ ከውሸት መርፌ ጋር ተነጻጽሮ እኩል ነው የወጣው።

ማታ ማታ አረቄና ዳጣ መቀነስ፣ ጋቢውን ትቶ ሁለት ስስ ነገር መደራረብ፣ ማስረጃው ደካማ ነው ግን ወጪ የለውም፣ እኔም እመክራለሁ። ብልት ድርቀት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ በሚዋጥ ቅጠል አይታከምም፣ የሚቀባ ኢስትሮጅን ወይም ማለስለሻ አለው፣ ፋርማሲ ስትመጡ አትፈሩ፣ ጠጋ ብላችሁ በጆሮዬ ንገሩኝ፣ በየቀኑ የምንሰማው ነው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የማህፀንና ጽንስ ክፍል ስትሄዱ የምትወስዱትን የቻይና መድኃኒት አትደብቁ፣ ስሙን መጥራት ካቃታችሁ ካርቶኑን ራሱን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ጉዳት ካመጣባችሁ ደግሞ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን በ8482 መደወል ይቻላል፣ በነጻ ነው፣ ሲያነሱ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ባች ቁጥሩን ነው፣ ስለዚ እንክብሉ አለቀ ብላችሁ ካርቶኑን እሳት ማቀጣጠያ አታድርጉት።